ሽያጭ የሚለካውና የማይለካው

አንድ ሙዚቃ በብዛት መሸጡ የጥሩነቱ ማስረጃ ነው የሚሉ ወገኖች፣ አድማጭ ገንዘቡን የሚያወጣው ለወደደው ሥራ በመሆኑ የብዙ ሺህ ሰዎች ምርጫ ሲደመር የጥራት ፍርድ ይሆናል ብለው ይከራከራሉ። ጥራት ሲባል ግን የቅኝት አያያዝ፣ የቅንብር ብልሃት፣ የዜማና የግጥም መስማማት፣ እንዲሁም የድምፅ ወይም የመሣሪያ አጨዋወት ብቃት ማለት ከሆነ፣ እነዚህ ሁሉ በቅጂው ውስጥ ያሉ፣ ከተቀዱ በኋላም የማይለወጡ ባሕርያት ናቸው። ሽያጭ ግን ቅጂው ሳይለወጥ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፤ ክርክሩም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታችም እንደዚሁ) ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ተጉዘው እዚያው ቀሩ፤ በ1985ም አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና የከበሮን ምት በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ከሚያወጣ መሣሪያ ጋር አዋሕደው፣ ሁሉንም ብቻቸውን የተጫወቱበትን ካሴት አወጡ። ካሴቱ ከጊዜ በኋላ ከገበያ ጠፋ፣ እርሳቸውም በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲ ሹፌርነት ለዓመታት ኖሩ። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ግን ሙዚቀኛው በስልሳዎቹ ዕድሜያቸው ወደ አውሮፓና አሜሪካ መድረኮች ተመለሱ። ከ1985 እስከ 2013 በቅጂው ላይ የተጨመረ አንድም ኖታ የለም፤ የተለወጠው ሥራውን ከአድማጭ ያገናኘው መንገድ ብቻ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ የ1970ዎቹ ሥራዎችም በ1998 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ አራተኛ ቅጽ፣ በ2005 ደግሞ ብሮክን ፍላወርስ በተባለው ፊልም አማካይነት ዓለም አቀፍ አድማጭ ያገኙት በዚሁ ዓይነት ነው።

ሽያጭ እንግዲህ በዋናነት የሚለካው ስርጭትን ነው። በኢትዮጵያ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1948 በመንግሥት ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ አምሃ እሸቴ ይህን ተጋፍተው በ1969 የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም ባይጀምሩ ኖሮ፣ ዛሬ ወርቃማ ከሚባለው ዘመን ብዙው ሥራ ለገበያ ፍርድ እንኳ ባልቀረበ ነበር። ገበያ የሚመርጠው ከደረሰለት መካከል ነው፣ ያልደረሰለትን ሊመዝን አይችልም።

ይህ ማለት ግን ተወዳጅነት የድክመት ምልክት ነው ማለት አይደለም፤ በብዙኃን የተወደደን ሁሉ የሚንቅ ሃያሲ የጥላሁን ገሠሠን ድምፅና የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ምን ሊላቸው ነው? ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ሚዛናዊ መልስ ይሰጣል። ከ14,000 በላይ ተሳታፊዎች 48 ያልታወቁ ዘፈኖችን ሲያዳምጡ፣ ከፊሎቹ በየቡድናቸው ሌሎች እያንዳንዱን ዘፈን ያወረዱበትን ብዛት እንዲያዩ፣ ከፊሎቹ ደግሞ እንዳያዩ ተደረገ። ቁጥሩን ባዩት ዘንድ በተወዳጆቹና በተቀሩት ዘፈኖች መካከል ያለው ርቀት ሰፋ፣ አሸናፊውም ከቡድን ቡድን ይለያይ ነበር። እጅግ የተሻሉት ከታች የወደቁት፣ እጅግ ደካሞቹም ከላይ የወጡት ከስንት አንዴ ነው፤ በመካከል ላሉት ግን ዕጣቸውን የወሰነው በአብዛኛው የቀደመው አድማጭ ነበር። ዛሬ የዩቲዩብ ተመልካች ቁጥር ከዘፈኑ በፊት ለዓይን ስለሚቀርብ፣ የኢትዮጵያ አድማጭም በዚሁ ሙከራ ውስጥ እንዳለ ሊቆጠር ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ከባድ ነው። የካሴት ክር በዓመታት ይበላሻል፤ ሙዚቃ ቤቶች፣ ሬዲዮ ጣቢያዎችና ካሴት ያኖሩ ቤተሰቦች ወደ ዲጂታል ቅጂ የሚያሸጋግሩትን ሲመርጡ በጊዜው በብዛት የተሸጠውን ብቻ ካተረፉ፣ የገበያውን ስሕተት ለዘለዓለም ያጸድቃሉና፣ ያልተሸጡትንም ጨምረው ዛሬውኑ ማዳን ይገባቸዋል።