ብርሃን የሥዕሉ እኩሌታ ነው

ሐርጌሳ ውስጥ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሠፈር፣ ካረፍሁበት ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የጧት ፀሐይ በኖራው ግድግዳ ላይ የምታሰምረውን ጥላ ስመለከት፣ በዘመናችን ሠዓልያን ዘንድ ኢንስታሌሽን የሚባለውን፣ ብርሃንን፣ ስፍራንና መስመርን አዋሕዶ ተመልካቹን በውስጡ የሚያስገባውን ጥበብ፣ «ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ ነው» እያሉ የሚነቅፉ ወዳጆቼ ትዝ አሉኝ። ነቀፋቸው ከቅንነት እንደሚመነጭ ባውቅም፣ ፍርዳቸውን ለመቀበል ኅሊናዬ እምቢ ይለኛል፤ ምክንያቴም ሩቅ አይደለም።

ከዚህ ከተማ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ለሚታጠፍ ሰው ላስ ጌል የሚባለው የዐለት ኮረብታ ይገኛል። አርብቶ አደሮች ከጥንት የሚያውቁትን ይህን ስፍራ በ1995 ዓ.ም. በዣቪዬ ጉተርዝ የተመራ የፈረንሳይ የአርኬዎሎጂ ጓድ ለዓለም አስታወቀው፤ የሥዕሎቹም ዕድሜ 5,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ስሙ የግመሎች የውኃ ጉድጓድ ማለት ሲሆን፣ ዐለቱ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚናገረው ስለ ላሞች ነው። አንዲቱን ቀርቤ አየኋት፤ ቀንዶቿ እንደ ክራር ክንዶች ወደ ላይ ተቀልሰዋል፣ ሰፊ አንገቷን ቀይና ነጭ መስመሮች እንደ ልብሰ ተክህኖ አስጊጠውታል፣ ከሥሯም አንድ ሰው እንደሚማልድ ካህን እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ሥዕሉ ከግድግዳው አልፎ የዐለቱን ጣሪያ ስለ ሞላው፣ ለማየት ጎንበስ ብሎ መግባትና አንጋጦ መቆየት ግድ ይሆናል፤ የውጭውም ብርሃን ከምድሩ አንጸባርቆ ወደ ላይ ሲመለስ ቀዩ ይግላል፣ ደመና ሲያልፍ ይደበዝዛል። ያ ስሙ ያልታወቀ ሠዓሊ ስፍራውንና ብርሃኑን ሳይመርጥ ቀለሙን በጠበጠ ብሎ ማመን ይቸግረኛል።

በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወትም ያለ ፀሐይ ምሉዕ አይደለም፤ ቀን ሲመሽ ኅብረ ቀለሙ አብሮ ይመሻልና። የዘመናችን ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም ከመርካቶ በተሰበሰበ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ጎንጉኖና አዋድዶ፣ ብሩሽ የሚያሰምረውን መስመር ሲያሰምር፣ ከላስ ጌሉ ሠዓሊ የራቀ ሆኖ አይታየኝም።

እንግዲህ የሥዕል ትርኢት የሚያሰናዱ ወገኖቻችን መስኮቱን በመጋረጃ ጋርደው፣ ሥዕሉን በአንድ አምፖል ሥር እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ደርድረው፣ ሥራው ተፈጸመ ባይሉ እመርጣለሁ። የሐርጌሳ መምህራንም ደቀ መዛሙርታቸውን ፎቶግራፍ ከማሳየት ይልቅ ወደ ዐለቱ ቢወስዷቸው፣ ልጆቹ በገዛ አንገታቸው ድካም የሚማሩት ብዙ ነው። ላስ ጌልን ከዝናብና ከአቧራ ለመጠበቅ አንድ ቀን አጥር ወይም ከለላ የሚያቆሙ ሰዎች ቢነሡ፣ ይነሡም ዘንድ እመኛለሁ፣ አንዲት ልመና አለችኝ፤ ብርሃን የሚገባበትን ወገን አይድፈኑት።