ቁርጥማት ነው ብላችሁ አትሸኙት

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ኮንክሪት ሲቆርጥ፣ ለሰው ማድ ቤት ድንጋይ ሲሞርድ የሚውል ወገናችን ጣቱ አብጦ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው «ብርድ ነው፣ ዕድሜ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ የሚጠቅመው አሠሪውን አይደለምን?

ድንጋይና ኮንክሪት በደረቁ ሲቆረጥ በዓይን የማይታይ የሲሊካ ብናኝ ይነሣል። የሳንባ ጠባቂ ሕዋሶች ይውጡታል እንጂ ሊፈጩት አይችሉም። እነርሱ ሲሞቱ ብናኙ ተመልሶ ሌሎችን ይገድላል። ቁጣው ሳይበርድ ሲቀር የሰውነት መከላከያን በልጓም የሚይዙት ሕዋሶች ይደክማሉ፤ መከላከያውም በገዛ አካሉ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ብናኙ የሚያስከትለው ሲሊኮሲስን ብቻ አይደለም፤ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ለሉፐስና ቆዳን ለሚያደነድነው ስክሌሮደርማ የመጋለጥን ዕድል ይጨምራል። ይህም አዲስ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 ብራምዌል ስክሌሮደርማን በስኮትላንድ ድንጋይ ጠራቢዎች ላይ፣ በ1957 ኢራስመስ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ላይ አይተው ጽፈዋል።

እዚሁ ጎረቤት በዌስት ቨርጂንያ፣ በ1930 እና በ1931 የሆክስ ኔስትን ዋሻ በደረቁ የቦረቦሩ፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ ሠራተኞች በመቶ እየተቆጠሩ አለቁ። የአሜሪካ መንግሥት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮግራም በላይ ሲሊካ እንዳይኖር የደነገገው ግን በ2016 ነው! ያም ደንብ የሚያዘው ምርመራ ትኩረቱ ደረት ነው፤ ራጅ፣ የትንፋሽ መለኪያና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ። ለመገጣጠሚያና ለኩላሊት ተለይቶ የታዘዘ ምርመራ የለም።

«ጭምብል ሰጥቻለሁ» የሚል አሠሪ አያታልለን። መጀመሪያ ብናኙን በምንጩ የሚገድል ውሃ ወይም የሚመጥጥ መሣሪያ ይቅረብ፤ ጭምብል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ተማሪዎች ሆይ! ደንቡን በአማርኛ ጽፋችሁ ለሠራተኛው አድርሱ። በጥቁር አንበሳና በጎንደር ሕክምና የምትማሩም ጣቱ ያበጠውን ግንበኛ ሥራውን ጠይቁት፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ጻፉ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪ ግዴታ ነው ይላል። ነገር ግን በሥራ የመጣ ተብሎ ያልተጻፈን በሽታ ማን ይክሰዋል? ዕውቀታችን ለዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ እኛም ከዝምተኞቹ ወገን ነን።