የአቀንጭራ ነገር ከማገዶ ይጀምራል

ውርጌሳ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ፍጥረታት ግንኙነት ሳስተምር አንበሳና የሜዳ አህያ አልጠራም፤ ለማሽላ ገበሬ ልጅ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ይበቃዋል። አበባውን ሁሉም ያውቀዋል። ያምራል፣ ደግሞም ያስጠላል።

አንድ ጎረቤቴ «ሳያብብ ነቅዬ ጨረስኩት፤ ማሽላው ግን እንደቀጨጨ ቀረ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አቀንጭራ ከመሬት ብቅ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት ከሥር ሆኖ ሲመጠምጥ ይቆያል፤ እኛ የምናየው ጉዳቱን ካደረሰ በኋላ ነው። መንቀሉ የሚጠቅመው ለከርሞው ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ከአቧራ የማይበልጥ ዘር ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ያ ዘር ዝናብ ስላገኘ ብቻ አይበቅልም። የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ይጠብቃል። ማሽላው ኬሚካሉን የሚለቀው ሥሩ ላይ የሚኖሩ ደቃቅ ፈንገሶችን ለመጥራት ነው፤ እነሱ ፎስፈረስ ያቀብሉታል፣ እሱ ስኳር ይከፍላቸዋል። አፈሩ በተራበ ቁጥር ማሽላው አጥብቆ ይጣራል። ወዳጅ ሲጠራ ታዲያ ጠላትም ይሰማል። አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ነው። ወደ አገራችን የገቡት ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው፤ ዋናው ብልሃታቸው አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ጥሪ መቀነስ ነው። እዚሁ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በአቀንጭራ ላይ ሲሠራ ኖሯል። ገበሬው ግን ረጅሙን የአገር ማሽላ ሙሉ በሙሉ አይተውም። ግትርነት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አጭሩ ዝርያ እህል ይሰጣል፤ አገዳው ግን ትንሽ ነው። አገዳ ደግሞ የበሬ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው።

ክርክሬም እዚህ ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከማሳው እህሉም አገዳውም ይወጣል። አገዳውን የበላው ከብት እበቱ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ይነዳል። ለመሬቱ የሚመለስለት የለም፤ የተራበ መሬት ደግሞ ለአቀንጭራ ይመቻል። ኩበት የምታነድ ሴት ጥፋተኛ አይደለችም፤ ልጆቿ ጥሬ አይበሉም። ግን ለአቀንጭራ የምንጠራው ስብሰባ ስለ ዘርና ስለ ዩሪያ ብቻ ሲያወራ ይውላል፤ በአብዛኛውም ወንዶች ናቸው የሚቀመጡበት።

ማሽላን ከማሾ ጋር ማፈራረቅ ጥሩ ነው፣ ማሾ ለአፈሩ ናይትሮጂን ይጨምራል። ሳያብብ መንቀልም ይቀጥል። እበቱ ወደ ማሳ እንዲመለስ ግን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሌላ የሚነድ ነገር መኖር አለበት። ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃና በየጓሮው የሚተከል የማገዶ ዛፍ የግብርና ሥራ ተደርገው ይቆጠሩ።

የወረዳችን የግብርና ባለሙያዎች፣ በሚቀጥለው የአቀንጭራ ስብሰባ ላይ እናቶችን ከፊት አስቀምጡልን፤ ከዘር በፊትም ስለ ማገዶ ጠይቋቸው።