«በስልኳ ትማር» ለምንል አባቶችና ወንድሞች

ቢስሚላህ። 

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምጽፈው ሌላውን ልወቅስ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የምወቅሰው ራሴን ነው።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ አባት መስጂዱ በር ላይ ያዙኝ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። «ኡስታዝ፣ ልላካት ወይስ ትቅር? ዛሬ እኮ ትምህርቱ ሁሉ ስልክ ላይ አለ ይላሉ። እዚሁ ቤቷ ሆና ብትማር ከፊትናም ትጠበቃለች» አሉኝ። ኢማማችን በቦታው አልነበሩም። እኔም ሳላጣራ «ጥሩ አስበዋል» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከወራት በኋላ ባለቤቴ ልጅቷን አግኝታ ስለ ትምህርቷ ጠየቀቻት። ስልኩ የታናሽ ወንድሟ ነው። እሱ ሲተኛ ትወስደዋለች፤ ያውም ዳታ ከተረፈ። ቀን እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጆች ትጠብቃለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች። ከጀመረችው ኮርስ ሁለተኛውን ምዕራፍ አላለፈችም። ታላቅ ወንድሟ ግን ግቢ ገብቶ ይማራል። እሱን «በስልክህ ተማር» ያለው ሰው የለም።

ሱብሐነላህ! በ2015 ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ጠባብ በር አልፋ የመጣችን ልጅ እኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር መለስናት።

ስልክን እያወገዝኩ አይደለም። እህቶቻችን ተጅዊድን በቴሌግራም ሲማሩ እያየሁ እንዴት አወግዘዋለሁ? በስልክ መማር ኒዕማ ነው። ጥፋቱ ይኼ ነው፦ ያንኑ ስልክ ለወንዱ ልጅ የትምህርቱ ማገዣ፣ ለሴቷ ግን የትምህርቷ ምትክ አደረግነው። እሱ ክፍልም፣ ቤተ መጻሕፍትም፣ ላብራቶሪም፣ ስልክም አለው። እሷ ስልክ ብቻ፤ እሱም የተዋሰችው።

«ትምህርቱ እኮ አንድ ነው» የሚለኝ ወንድም መጋቢት 2012ን ያስታውስ። ኮሮና መጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ወንዱም ሴቷም እኩል ቤታቸው ገቡ። ሃንድአውት በቴሌግራም ይላክ ጀመር። በየቤታችን ምን አየን? ወንዱ ስልኩን ይዞ ክፍሉን ዘጋ፤ እህቱን ወጥ ቤት ጠበቃት። ፒዲኤፉ አንድ ነበር፤ ሰዓቱ ግን አንድ አልነበረም።

አፍጋኒስታንንም እንመልከት። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2022 ሴቶች ከዩኒቨርሲቲ ታገዱ። የአል-አዝሀር ታላቅ ኢማም ሸይኽ አሕመድ አጥ-ጦይብ ውሳኔው ከሸሪዓ ጋር የሚጋጭ መሆኑን በይፋ ተናገሩ። ብዙ እህቶች ወደ ኦንላይን ትምህርት ዞሩ። እ.ኤ.አ በመስከረም 2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ያቺው የቀረቻቸው መስኮት ለሁለት ቀን ያህል ጠፋች። እነሱ በር ስለተዘጋባቸው ነው መስኮት የፈለጉት። እኛ ግን መስኮት አለ ብለን የተከፈተውን በር እንዘጋለን። እኛስ አገር ኔት ሲጠፋ አላየንም?

በ2017 አክሱም ውስጥ እህቶቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ሲታገዱ ሁላችንም ጮኽን። ልክ ነበርን። ግን የትምህርት ቤቱን በር የዘጋውን እያወገዝን የቤታችንን በር ስንዘጋ አላህ አያየንም?

«ግቢ ፊትና አለ» ትላላችሁ። አለ። ወንድ ልጅህን የላክኸው እኮ እዚያው ግቢ ነው። ፊትና ለሴት ብቻ የተፈጠረ ይመስል! ስልኩ ውስጥስ ፊትና የለም? «የመሕረም ጉዳይስ?» ለሚለኝ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዑለማዎችን እንጠይቅ። ከዚያ አባት ወይም ወንድም ራሱ ያድርሳት፣ ዶርሟን ይይ፣ ከግቢው ጀማዓ እህቶች ጋር ያገናኛት፣ ቅርብ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ዝውውር ይጠይቅላት። ይህ ልፋት አለው። «በስልኳ ትማር» ማለት ግን አያለፋም፤ ለዚህ ነው የወደድነው።

ሚስቱ ምጥ ሲይዛት «ሴት ሐኪም የለችም ወይ?» ብሎ ሆስፒታል ውስጥ የሚጣራውም ያው ሰው ነው። ከየት ትምጣልህ? አዋላጅነት በቴሌግራም ቻናል ብቻ አይሰለጠንም!

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሴቶች መጥተው ወንዶቹ እንደቀደሟቸው፣ ለእነሱም የራሳቸው ቀን እንዲመደብላቸው ጠየቁ። እሳቸውም ቀን መደቡላቸው፤ በዚያም ቀን አስተማሯቸው። ልብ በሉ! ወንዶቹ የሰሙትን ቤት ወስደው ያካፍሏችኋል ብለው አልመለሷቸውም። የተረፈ ሰዓት ሳይሆን የራሳቸውን ቀን ሰጧቸው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህትህ ከተመደበች ትሂድ። ከቤት ሆና የምትማርበት እውነተኛ ምክንያት ካላት ደግሞ ስልኩ የራሷ ይሁን፣ ፓኬጁ ይሞላላት፣ በቀን የታወቀ ሰዓት ይኑራት። በዚያ ሰዓት ሰሃኑን አንተ እጠብ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር፤ አንተ ከእሳቸው አትበልጥም። እኛም የመስጂድ ሰዎች ከዐስር እስከ መግሪብ የሴቶቹን ክፍል ለማጥኛ ብንከፍት ምን እናጣለን?

እኔ እኚያ አባት ዘንድ ተመልሼ ሄጃለሁ። «ያኔ የነገርኩዎት ስህተት ነበር» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አሁንስ ይቀበሏታል?» አሉኝ። መልሱን አላውቅም ነበር። ከእሳቸው ጋር ሬጂስትራር ድረስ ለመሄድ ቀጠሮ ይዘናል። እናንተ ግን ጊዜው ሳያልፍ ዛሬውኑ እህታችሁን ጠይቋት።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ለወንዶቻችንም ለሴቶቻችንም ይወፍቅልን። ያለ ዕውቀት ለመለስኩት መልስም ይማረኝ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።