ባትን ወንበር እንዳያሳጥረው

በአገራችን ስለ ሰውነት ማጠንከር ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ደረትና ስለ ክንድ ነው። ባትንና ቁርጭምጭሚትን የሚያስታውስ ቢኖር ምናልባት በስቅለት ዕለት ሲሰግድ ውሎ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ እግር በአንድ ቀን ታጠፍ ቢሉት እንቢ ማለቱ አያስደንቅም።

ገበሬው ሲያርም፣ እናቶቻችንም ከምድጃ አጠገብ ሲሠሩ፣ ተረከዛቸው ከመሬት ሳይነሣ ቁጢጥ ይላሉ። ተማሪውና የቢሮ ሠራተኛው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከጠረጴዛ ፊት ይውላሉ፤ ሲነሡም ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ተጫምተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ባታቸው እስከ መጨረሻው የሚዘረጋበት ጊዜ የለውም፤ እያደርም ይጠነክራል። ቁጢጥ በል ሲባል ተረከዙ ብድግ የሚልበት ወይም ወደ ኋላ የሚወድቅ ወጣት የበዛው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን እንደ ሥልጣኔ ምልክት የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ጉዳት እለዋለሁ። የአበበ ቢቂላ አገር ሰዎች ነን የሚልም አይታጣም። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉ እውነት ነው፤ የእርሱ ባት ግን ለቢሮ ሠራተኛ በውርስ አይተላለፍም።

ራሱን መፈተን የሚፈልግ ጫማውን አውልቆ በግድግዳ ፊት ይቁም። አውራ ጣቱን ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ ተረከዙን ሳያነሣ ጉልበቱን ግድግዳው ላይ ለማስነካት ይሞክር። ልኩ ከሰው ሰው ቢለያይም፣ ከዚህ በጣም የጐደለ ወይም አንዱ እግሩ ከሌላው የባሰበት ሰው ሥራ አለበት።

ባት አንድ ሥጋ ይመስላል እንጂ በዋናነት ሁለት ነው። የላይኛው ከጉልበት በላይ ይጀምራል፤ ከሥሩ ያለው ከጉልበት በታች ይነሣል፤ ሁለቱም በአንድ ወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይያያዛሉ። ስለሆነም የላይኛው በደንብ የሚሳበው ጉልበት ቀጥ ሲል፣ የታችኛው ደግሞ ጉልበት ሲታጠፍ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ይተዋል፤ ቁጢጥ ለማለት ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ሁለተኛው ነው። ሁለቱን እጆች ግድግዳ ላይ አሳርፎ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጎ፣ ተረከዙን መሬት አስነክቶ 30 ሴኮንድ ያህል መቆየት፤ ቀጥሎም ያንኑ ጉልበት ዐጠፍ አድርጎ መድገም። በእያንዳንዱ እግር 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል። መንጠርና መታገል አይገባም።

ከእሑድ ኳስ በፊት ብቻ እሠራዋለሁ ማለት ግን ከንቱ ነው። ከጨዋታ በፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ መሳብ ከጉዳት ብዙም እንደማያድን፣ የጡንቻንም ኃይል ለጊዜው እንደሚቀንስ ተመርምሮ ታውቋል፤ ለዚያ ሰዓት ሶምሶማ ይሻላል። ስድስት ቀን ተቀምጦ በሰባተኛው እንደ ሚዳቋ የሚዘል፣ ዕድሜው ከ30 ያለፈ ሰው የተረከዙ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ከኋላ ማን መታኝ ብሎ ይዞራል፤ ማንም የለም። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ ለወጌሻ አይሰጥም።

ማፍታታት ብቻውን ጅማትን አያጠነክርም። የስዊድኑ ሐኪም ሆካን አልፍሬድሶንና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የተረከዝ ጅማት ሕመም የጸናባቸው 15 ሰዎች በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግራቸው ፊት ቆመው ተረከዛቸውን ቀስ እያሉ ወደ ታች እንዲያወርዱ አደረጉ፤ ከ12 ሳምንት በኋላ 15ቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ደረጃ የሌለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን ይለይ። ከረጅም ጉዞ ወይም ከብዙ ቀን መተኛት በኋላ አንዱ ባት ብቻ ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያም፣ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ባት አይታሽም፣ አይሳብም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።