ስለ አትክልተኞች ሥራና ስለ ታላላቅ ግቢዎች

በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋራ ሸገር በተባለው ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በነዚህ ከተሞች ፋብሪካውና ማረፊያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና መጋዘኑ እየበዛ ስለ ሄደ፣ የከብት መሰማሪያ የነበረው ሜዳ በብዙ ስፍራ ታጥሮ የግቢ ሣር ሆኖአል። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ብዙ የመንገድ ዳር ሣርና አበባ ስለ ለበሰ፣ ሣርን መንከባከብ የዘበኛ ትርፍ ሥራ መሆኑ ቀርቶ ራሱን ወደ ቻለ ሙያ እየተለወጠ ነው።

ሣር ማጨድ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የሱሉልታ ሜዳ ሣር ታጭዶና ደርቆ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ቀለብ ሲሸጥ ኖሮአል። ልዩነቱ፣ ያ ሣር የሚታጨደው ለመብል ሲሆን ይኸኛው የሚታጨደው ለውበት መሆኑ ነው። ለመብል የሚታጨደው ሣር ራሱ ዋጋ ያወጣል፤ ለውበት የሚታጨደው ግን ባለቤቱን ያስወጣዋል እንጂ ገንዘብ አያስገባለትም። ስለዚህ ኑሮ ሲከብድ ከቤተ ሰብ ወጪ አስቀድሞ የሚቀነሰው የአትክልተኛው ዋጋ ነው። ደግሞም ከሰኔ እስከ መስከረም ሰርዶው ሲፋፋ አትክልተኛው በየሳምንቱ ይጠራል፤ በበጋ ውሃው በጠፋ ጊዜ ግን ይረሳል። በቡራዩና በሰበታ በየመኖሪያ ቤቱ እየዞረ የሚሠራ ሰው የዓመቱን እንጀራ ከአራት ወር ገቢ ለማውጣት የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም የተነሣ ዓይኑን ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት ግቢ ቢያነሣ አይፈረድበትም። ድርጅት ዐሥራ ሁለቱን ወር ይዋዋላል፤ ሥራውም በአንድ ስፍራ ስለሚሆን የማጨጃውን መኪና ተሸክሞ ከሰፈር ሰፈር መንከራተት ይቀራል። ነገር ግን የሣሩ ስፋት ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ የገንዘቡም ጠባይ ይለወጣል። የቤት እመቤት ሥራው ባለቀበት ቀን በእጁ ትሰጠዋለች። ድርጅት ግን አስቀድሞ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ያለ ደረሰኝ ያወጣውን ወጪ ግብር አስገቢው መሥሪያ ቤት አይቀበለውምና። በ2008 ዓ.ም. በወጣው፣ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ መሠረትም ከፋዩ ድርጅት ቅድመ ግብር ቀንሶ ያስቀራል። ይኸ ሁሉ በሥርዓት ለሚሠራ ሰው የሚከብድ አይደለም። የሚከብደው መጠበቁ ነው።

ለምሳሌ በወር 1500 ብር የሚከፍሉ ዐሥር ቤቶች ያሉት አንድ አትክልተኛ ይታሰብ። ከዐሥሩ አንዱ ቢተወው የሚያጣው ከገቢው ዐሥረኛውን እጅ ነው። ይኸው ሰው በወር 40000 ብር ከአንድ ፋብሪካ ጋራ ተዋዋለ እንበል፤ ለሦስት ሠራተኞች 18000 ብር፣ ለቤንዚንና ለመኪናው ጥገና 7000 ብር ቢያወጣ፣ ግብሩ ሳይታሰብ 15000 ብር ይተርፈዋል። በወረቀት ላይ ከዐሥሩ ቤቶች ጋራ እኩል ነው። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ሁለት ወር ቢያዘገይበት፣ አንድ ብር ሳይቀበል 50000 ብር ከኪሱ ማውጣት አለበት። ቤቶቹን አስቀድሞ ትቶ ከሆነ ይህን ከየት ያመጣዋል? ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን ሁለት ወር አይታገሡትም፤ አራጣ አበዳሪም የማጨጃውን መኪና በመያዣ ይወስደዋል። እንግዲህ ለዚህ ሰው የሚሻለው ከቤቶቹ አምስቱን ወይም ስድስቱን ይዞ አንዱን ግቢ መጀመርና፣ ክፍያው ሁለት ሦስት ጊዜ በቀኑ እስኪመጣ ድረስ የቀሩትን ቤቶች አለመልቀቅ ነው።

ውሉም በጥንቃቄ ሊጻፍ ይገባዋል። በበጋ ውሃው የማን ነው? የደረቀውን ሣር በማን ገንዘብ ይተካል? ይኸ ካልተጻፈ በየካቲት ወር ጥፋቱ ሁሉ በአትክልተኛው ላይ ይወድቃል። የአብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎችና የሰበካ ጉባኤ አባላትም እንዲህ ያለ ውል ሲዋዋሉ አንድ ነገር ሊጨምሩበት ይገባል፤ ሣሩ በመኪና ሲስተካከል በመካከሉ የበቀለው የወይራና የጽድ ችግኝ አብሮ ይቆረጣልና፣ በችግኙ ዙሪያ በማጭድ እንዲታጨድ በግልጽ ይጻፍ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የግቢ ጽዳቱን፣ ጥበቃውንና አትክልቱን በአንድ ጨረታ አጠቃልሎ ማውጣት ለሹሙ ሥራ ያቀልለታል፤ ነገር ግን ሣር ብቻ የሚያውቀውን ባለሙያ ከበር ይመልሰዋል። አትክልቱ በጨረታው ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ቢሆን የሚጎዳ የለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋሞች በጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ ፈንታ ካደራጃቸው ክፍል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ፈቅዶ ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ነበረ። ሆኖም ገብቶ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በጊዜው መከፈል ሌላ ነው። የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። ሣሩ እጅግ የሚያድገው፣ ሠራተኛና ቤንዚን አብዝቶ የሚፈለገውም ያን ጊዜ ነው። የግንቦትና የሰኔ ሒሳብ ከመዝጊያው በፊት ካልተከፈለ፣ አትክልተኛው አዲሱ በጀት ተደልድሎ እስኪለቀቅ ድረስ ክረምቱን በብድር ያጭዳል። ስለዚህ ሒሳብ ሹሞች የአነስተኛ ባለሙያዎችን የክፍያ ወረቀት ከታላላቆቹ ነጋዴዎች ወረቀት አስቀድመው በግንቦት ቢመረምሩት፣ ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።