ዝንቧን እንጂ ጎረቤትን አናባርር



ሰሞኑን ለማኅበራችን የሚቀርበው አቤቱታ በአብዛኛው ስለ አንዲት ደቃቃ ዝንብ ሆኗል። ሙዝና ቲማቲም ላይ፣ የጠላ ጋን አፍ ላይ የምታንዣብበዋን ሁላችንም እናውቃታለን። አንዳንድ ነዋሪዎችም «ዝንቡን ያመጡብን ጠላ ሻጮቹ ናቸው፣ ከግቢው ይውጡልን» እያሉ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረዋል። ማኅበራችን ይህን አቤቱታ አልተቀበለውም። ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

ይህች ዝንብ የምትፈልገው መብላላት የጀመረ ነገር ነው። አተላ ትወዳለች፣ እውነት ነው። ግን ከአልጋ ሥር የተረሳ የበሰበሰ ድንችና ሽንኩርትም ትወዳለች። የለስላሳ ጠርሙስ ጭላጭ፣ እርጥብ መወልወያ ጨርቅ፣ የአቮካዶና የማንጎ ልጣጭ የታጨቀበት ማዳበሪያም ለእሷ ድግስ ነው። ታዲያ ከነዚህ አንዱ የማይገኝበት ቤት የማን ነው?

በዚያ ላይ በጣም ትራባለች። አንዲቷ እንስት በዕድሜዋ እስከ 400 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ሞቅ ባለ ቤት ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። አሜሪካዊው ሊቅ ቶማስ ሞርጋን በ1933 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህችኑ ዝንብ አርብቶ የዘር ውርስን በማጥናቱ ነው። ሰበታም ሱሉልታም ደጋ ናቸው፣ ብርዱ ያዘገያታል እንል ይሆናል፤ ኩሽናችን ግን ምድጃ አለበት።

አንዳንዱ ደግሞ ለጎተራ ተባይ የሚሸጠውን ማላታይን ገዝቶ ማድ ቤት ይረጫል። ይህ ፈጽሞ መቅረት አለበት። መርዙ እንጀራችን ላይና የልጆቻችን እጅ ላይ ያርፋል እንጂ ልጣጩ ውስጥ ያለውን ትል አይጨርሰውም። የምትበረዋ ብትሞት በሳምንቱ ሌላ ትተካለች። መፍትሔው መራቢያዋን ማጥፋት ነው።

በመሆኑም እያንዳንዱ ቤት፦

1. ፍራፍሬ ሲገዛ ወዲያው ይጠብ፤ የላላውን ቶሎ መብላት፣ የበሰበሰውን ማውጣት።
2. ልጣጭና ትርፍራፊ ማታ ቤት ውስጥ አይደር፤ ማዳበሪያው አፉ ይታሰር።
3. መወልወያው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ የዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ በፈላ ውኃ ይታጠብ።
4. ለቀሩት ዝንቦች በብርጭቆ ጥቂት አቼቶ ወይም የጠላ ጭላጭ አድርጎ አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጣል ማድረግ። ሽታው ይጠራታል፣ ሳሙናው ያሰምጣታል። ወጪው ከሳንቲም አያልፍም።

ጠላ ለሚሸጡ እናቶቻችንና እህቶቻችንም የምንለው አለን። የጋኑ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰር፤ አተላው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ በዚያው ቀንም ከግቢ ይውጣ። ላም የሚያረቡ ጎረቤቶቻችን አተላ ይፈልጋሉ፤ ከሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርት እንኳ ለከብት መኖ ይውላልና። አንዱ የሚጥለው ለሌላው ወተት ይሆናል።

ከሰበታ እስከ ቡራዩና ሱሉልታ ስንት እናት በጠላ ልጅ እንዳስተማረች እናውቃለን። እሷን አስወጥተን የራሳችንን ልጣጭ ብናስቀር ዝንቧ የትም አትሄድም፤ እኛም ጎረቤት እናጣለን። ደግሞም አንድ ቤት ብቻ ቢጸዳ ከአጥር ማዶ ትመጣለች። ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ሁሉም ቤት በአንድነት እንዲያጸዳ ማኅበራችን ወስኗል። የፊርማው ወረቀትም ለተራ ጽዳቱ ስም መመዝገቢያ እንዲውል እንጠይቃለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና እንተባበር።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት